የአውቶሞቢል ቁልፍ፣ የውስጥ መብራትና መቀመጫ አያያዝ፤ ለወልድያና ለአካባቢው የንግድ ሰዎች

ወልድያ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የመንገዶች መገናኛ ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። ከደሴ ተነሥቶ በመርሳ በኩል የሚመጣው ዋና ጎዳና በእርሷ አልፎ ወደ ቆቦና ወደ አላማጣ ይዘልቃል። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት፣ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «ቻይና መንገድ» እያለ የሚጠራው ጎዳና ደግሞ ከወልድያ ተነሥቶ የድልብን ዳገት ወጥቶ በጋሸናና በደብረ ታቦር በኩል ወረታ ይደርሳል። በስተምሥራቅም በሐራ በኩል ወደ አፋር ቆላ የሚያወርድ መንገድ አለ። ስለዚህ በዚህ አገር የሚነግድ ሰው ጨርቃ ጨርቅ ቢሸጥም፣ እህል ቢያወርድም፣ ወይም የሐብሩን ብርቱካንና ማንጎ ቢጭንም፣ ሥራው ሁሉ በተሽከርካሪ ላይ የተመሠረተ ነው።

የንግድ ሰው ስለ ተሽከርካሪው ሞተር፣ ስለ ጎማውና ስለ ዘይቱ አዘውትሮ ያስባል፤ ስለ እነዚህም መካኒኩን ይጠይቃል፣ ወጪም ይመድባል። ነገር ግን በየቀኑ በእጁ የሚነካቸውን ሦስት ነገሮች፣ ይኸውም ቁልፉን፣ የውስጥ መብራቱንና መቀመጫውን፣ እንዴት መያዝና ማሠራት እንደሚገባው የሚነግረው ሰው ብዙ ጊዜ አያገኝም። ነገሩም ቀላል መስሎ ይታያል። ሆኖም አንዲት ነጠላ ቁልፍ ስትጠፋ ሙሉ መኪና ከነጭነቱ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ሲበራ ያደረ ትንሽ አምፖል የማለዳውን ጉዞ ያስቀራል፤ ያለ አግባብ የተስተካከለ መቀመጫም ሾፌሩ በዳገትና በቁልቁለት ላይ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ እንዳይረግጥ ያደርገዋል። የመጀመሪያው የገንዘብ፣ ሁለተኛው የጊዜ፣ ሦስተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ አውቶሞቢሉን አዲስ አበባ አድርሶ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባሳየበት ዘመን፣ የመኪና ሞተር የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር። ሞተሪኖ የምንለው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ አውቶሞቢል ላይ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1912 ሲሆን፣ ቁልፍ በማዞር ብቻ ሞተር የማስነሣቱን ዘዴ የክራይስለር ፋብሪካ ያቀረበው በ1949 ነው። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ በር መክፈቻ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የመኪናው የኤሌክትሪክ ሥራ ሁሉ አዛዥ ሆኗል። ስለዚህ ማብራሪያችንን ከእርሱ እንጀምራለን።

ስለ ቁልፍ

ቁልፉ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ በላቲን ፊደል የተጻፉ አራት ምልክቶች ይገኛሉ። «ሎክ» የተባለው ቁልፉ የሚገባበትና የሚወጣበት፣ መሪውም የሚቆለፍበት ነው። «ኤሲሲ» ሞተር ሳይነሣ ሬዲዮንና የመሳሰለውን ብቻ ያሠራል። «ኦን» ኤሌክትሪኩን በሙሉ ይከፍታል፤ መኪናው በሚሄድበት ጊዜ ሁሉ ቁልፉ የሚቆየው በዚህ ላይ ነው። «ስታርት» ሞተሪኖውን ያዞራል፤ ሞተሩ እንደ ተነሣም ቁልፉ ሲለቀቅ በራሱ ወደ «ኦን» ይመለሳል።

ቁልፉ አልዞር ቢል በጉልበት መጠምዘዝ አይገባም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ መሪው ተቆልፎ መገኘቱ ስለሆነ፣ በአንድ እጅ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ አድርጎ እያነቃነቁ በሌላው እጅ ቁልፉን ማዞር ነው። ቁልፉ አልወጣ ያለ እንደሆነም፣ መኪናው አውቶማቲክ ማርሽ ካለው፣ ማርሹ «ፒ» በተባለው የማቆሚያ ቦታ ላይ መግባቱን መመልከት ያስፈልጋል። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ10 ሴኮንድ በላይ ማዞር ሞተሪኖውንም ባትሪውንም ይጎዳል፤ አልነሣ ካለ ጥቂት አሳርፎ እንደገና መሞከር ይሻላል። ብዙ የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ ቁልፉ «ኦን» ላይ ሲደርስ የማሞቂያ ምልክት ያበራሉ፤ በጋሸና ብርድ የሚያድር መኪና ያለው ሰው ይህ ምልክት እስኪጠፋ ድረስ ሳይጠብቅ ሞተር ለማስነሣት መቸኮል የለበትም።

ብዙ የንግድ ሰዎች የሱቁን፣ የመጋዘኑን፣ የቤቱንና የካዝናውን ቁልፍ ሁሉ ከመኪናው ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት ያንጠለጥላሉ። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ክብደቱ መንገዱ ባንገጫገጨ ቁጥር የቁልፉን ማዞሪያ እያላላ ይሄዳል። በዓለም የታወቀው ምሳሌ የአሜሪካው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ይህ ፋብሪካ 2.6 ሚሊዮን ያህል ትናንሽ አውቶሞቢሎችን ለጥገና ጠራ፤ ምክንያቱም የቁልፍ ማዞሪያቸው ደካማ ስለ ነበረ፣ በቁልፉ ላይ የተንጠለጠለ ክብደት ወይም የመንገድ ንውጥውጥታ ቁልፉን ከ«ኦን» ወደ «ኤሲሲ» ያንሸራትተው ነበር። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪውና ፍሬኑ ይከብዳሉ፣ በአደጋ ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢትም ሳይነፋ ይቀራል። ለተጎጂዎች የተቋቋመው የካሣ መዝገብ 124 ሰዎች በዚሁ ምክንያት መሞታቸውን ተቀብሏል። ፋብሪካው ጥገናው እስኪደርስ ድረስ ለባለመኪናዎች የሰጠው ምክር ቁልፉን ብቻውን ይያዙ የሚል ነበር። ምክሩ ለእኛም ገጠር መንገድ ይበልጥ የሚሠራ ነው።

አሁን ደግሞ ከፍ ያለ ወጪ ወደሚያስከትለው ነገር እንለፍ። ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አዲስ የቤት አውቶሞቢል ሁሉ ሌባ እንዳያስነሣው የሚከለክል የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንዲኖረው ተደርጓል፤ በሌላው ዓለም የተሠሩ ብዙ መኪኖችም ይህንኑ ይዘዋል። መሣሪያው ኢሞቢላይዘር ይባላል። በቁልፉ ራስ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለች፤ መኪናው የቺፗን ምሥጢር ቁጥር ካላነበበ፣ ቁልፉ በሩን ቢከፍትና ቢዞርም ሞተሩ አይነሣም። ስለዚህ በሰፈር ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ብረቱን ብቻ ማስቀረጽ በር ለመክፈት ይጠቅም ይሆናል እንጂ መኪና አያስነሣም፤ አዲሱን ቺፕ ከመኪናው ጋር የሚያስተዋውቅ የኮምፒዩተር መሣሪያ ያለው ባለሙያ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፦ አንድ ሕያው ቁልፍ በእጅ ካለ ሁለተኛውን ማሠራት ቀላል ሥራ ነው። ሁሉም ከጠፉ ግን ሥራው ይከብዳል፣ ዋጋውም ይንራል፤ ባለሙያው በአቅራቢያ ያልተገኘ እንደሆነም መኪናውን ጭኖ ወደ ሌላ ከተማ መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው ባለመኪና፣ ሁለተኛውን ቁልፍ ዛሬውኑ ማሠራት እንጂ የመጀመሪያው እስኪጠፋ መጠበቅ የለበትም። ሁለተኛውም ቁልፍ ከሊብሬው ጋር በመኪናው ኪስ ውስጥ ሳይሆን በቤት ወይም በሱቅ ካዝና ይቀመጥ።

የርቀት መክፈቻ ያላቸው ቁልፎች በሦስት ቮልት የሰዓት ባትሪ ይሠራሉ። ባትሪው ሲደክም በሩ ከሩቅ እሺ አይልም፤ ይህ ግን መኪናው ተበላሸ ማለት አይደለም። የኢሞቢላይዘሩ ቺፕ ከባትሪ ኃይል ስለማይፈልግ፣ በሩን በብረቱ ከፍቶ ሞተሩን እንደ ወትሮው ማስነሣት ይቻላል። በኪስ እንዳለ በሚሠራው ዘመናዊ ቁልፍ ውስጥም አንድ ትንሽ የብረት ቁልፍ ተሸሽጎ ይገኛል። በእርሱ በሩ ከተከፈተ በኋላ፣ ፍሬን ረግጦ የቁልፉን ራስ ወደ ማስነሻው ተጫን አስጠግቶ መጫን በብዙ መኪኖች ዘንድ ሞተሩን ያስነሣል። ትክክለኛው ቦታ በመኪናው መምሪያ መጽሐፍ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ችግር ከመድረሱ አስቀድሞ አንብቦ መሞከር ብልህነት ነው።

በተጫን የሚነሡ መኪኖች ፍሬን ሳይረገጥ ቢጫኑ ኤሌክትሪኩ ብቻ ይከፈታል፤ ሞተሩ የሚነሣው ፍሬን ተረግጦ ሲጫኑ ነው። በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄዱት መኪኖች ደግሞ የሞተር ድምፅ ስለሌላቸው የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ እነዚህ መኪኖች በየከተማው እየበዙ መጥተዋል። ሾፌሩ ለመንዳት የተዘጋጀ መሆኑን የሚያመለክተው መብራት እየበራ፣ ድምፅ ስላልሰማ ብቻ ጠፍቷል ብሎ ቢወርድ፣ ሕፃን ልጅ ማርሹን ነክቶ መኪናውን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ስለዚህ ከመውረድ በፊት ማርሹን በማቆሚያው ላይ ማድረግ፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ተጫኑን ማጥፋትና ምልክቱ መጥፋቱን በዓይን ማየት ግዴታ ነው።

ሕፃናትን ከቁልፍ ጋር በመኪና ውስጥ ትቶ መሄድ በማናቸውም ምክንያት አይገባም። በሮቹ ሊቆለፉባቸው ይችላሉ፤ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይጨምራል። በቆቦና በሐብሩ ቆላ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢው ያውቀዋል።

ስለ ውስጥ መብራት

በጣራው ላይ የሚገኘው መብራት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቦታ ያለው ማብሪያ አለው። በአንደኛው ሁልጊዜ ይበራል፣ በሁለተኛው በር ሲከፈት ብቻ ይበራል፣ በሦስተኛው ፈጽሞ አይበራም። ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚመረጠው መካከለኛው፣ «ዶር» የሚባለው ነው፤ ምክንያቱም በር በሚገባ ያልተዘጋ እንደሆነ ራሱ መብራቱ ያስታውቃል። መኪናው በሩ ተከፍቶ ለረጅም ጊዜ ዕቃ የሚጫንበትና የሚወርድበት ሲሆን ግን ማጥፋት ይሻላል።

አንድ ትንሽ አምፖል ባትሪ ይጨርሳል ቢባል የሚጠራጠሩ አሉ። ሒሳቡ እንዲህ ነው። በጣራው ላይ ባለ 10 ዋት አምፖሎች ሁለት፣ በኋላ የዕቃ ማስቀመጫው ደግሞ ባለ 5 ዋት አንድ አለ እንበል፤ በጠቅላላው 25 ዋት ይሆናል። ይህ በ12 ቮልት ሲካፈል ከ2 አምፔር ጥቂት ይበልጣል። የኋላው በር ሳይገጠም ቀርቶ መብራቶቹ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቢበሩ፣ በ11 ሰዓት ውስጥ 23 አምፔር ሰዓት ያህል ይበላሉ። የትንሽ አውቶሞቢል ባትሪ 45 አምፔር ሰዓት ቢይዝ፣ ግማሹ በአንድ ሌሊት አለቀ ማለት ነው። አዲስ ባትሪ ይህን ችሎ ያስነሣ ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ዓመት ያገለገለው ግን ሞተሪኖውን ለማዞር አቅም አይኖረውም። ከመርሳ ማለዳ ፍሬ ጭኖ ለደሴ ገበያ ሊደርስ ያሰበ ነጋዴ፣ ጭነቱ በፀሐይ እየጠወለገ ባትሪ ሲፈልግ ይውላል። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት መኪኖችም ከዋናው ባትሪ ሌላ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ስላላቸው፣ ይህ ከደከመ ዋናው ሙሉ ቢሆን እንኳ ላይነሡ ይችላሉ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ መኪናውን ቆልፎ ከመሄድ በፊት ዞር ብሎ በመስኮቱ ወደ ውስጥ የመመልከት ልማድ ነው፤ መብራቱ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ካልጠፋ አንድ በር ክፍት ነው። ሁለተኛው፣ አሮጌውን አምፖል በኤል.ኢ.ዲ. አምፖል መለወጥ ነው፤ ይህ ከቀድሞው አንድ አሥረኛ ያህል ኃይል ብቻ ይወስዳል። አምፖል ሲገዛ ቮልቱን መመልከት ይገባል። የአውቶሞቢል አምፖል ባለ 12፣ የብዙዎቹ የጭነት መኪናዎች ደግሞ ባለ 24 ቮልት ነው። ባለ 12 ቮልቱ በ24 ላይ ቢገባ ወዲያው ይቃጠላል፤ ባለ 24ቱ በ12 ላይ ቢገባ እንደ ኩራዝ ይደበዝዛል። መብራቶቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ከጠፉ ደግሞ ጥፋቱ የአምፖል ሳይሆን የፊውዝ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ እርሱን ማየት ነው፤ የተቃጠለውንም በእኩል አምፔር መተካት እንጂ በሽቦ ማሰር የእሳት አደጋ ያመጣል።

ባትሪው ከደከመ በሌላ መኪና ባትሪ ለማስነሣት የኬብሉ ተራ እንዲህ ነው። ቀዩ ኬብል በመጀመሪያ በደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ በደህናው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ ይታሰራል። ጥቁሩ በመጀመሪያ በደህናው ባትሪ ነጌቲቭ፣ በመጨረሻም በደከመው መኪና የሞተር ብረት ላይ፣ ከባትሪው ራቅ አድርጎ ይታሰራል። የጭነት መኪናን 24 ቮልት ከአውቶሞቢል 12 ቮልት ጋር ማገናኘት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ገፍቶ ማስነሣትም ፍሪሲዮን ላላቸው መኪኖች እንጂ ለአውቶማቲክ አይሠራም።

በሌሊት ጉዞም የውስጥ መብራት ጠፍቶ መነዳት አለበት። ጋቢናው ሲበራ የፊት መስታወቱ ወደ ውስጥ ያንጸባርቃል፣ የሾፌሩም ዓይን ጨለማውን ለመለማመድ ጊዜ ይወስድበታል። ደረሰኝ ለማንበብ የፈለገ ተሳፋሪ መኪናው እስኪቆም ይታገሥ።

ስለ መቀመጫ

መቀመጫ የድሎት ነገር ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን መሪውን፣ ፍሬኑንና ቀበቶውን ከሾፌሩ ሰውነት ጋር የሚያገናኘው መቀመጫው ነው። መኪናው በቆመበት፣ በሚከተለው ተራ ይስተካከላል።

1ኛ. በመቀመጫው ሥር ያለውን ብረት ወደ ላይ ስቦ መቀመጫውን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማንሸራተት። ልኩ ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ እስከ መጨረሻ ሲረገጡ ጉልበት ጥቂት እጥፍ እንዳለ የሚቀርበት ነው። እግሩ ቀጥ ብሎ የሚዘረጋ ሾፌር በአስቸጋሪ ቁልቁለት ላይ ኃይል ያጥረዋል።

2ኛ. በመቀመጫው ጎን ባለው መጎተቻ የጀርባውን መደገፊያ ማቃናት። ትከሻ ከመደገፊያው ሳይለቅ ክንድ ሲዘረጋ፣ የእጅ አንጓ በመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። ከደረት እስከ መሪው መካከል ግን ከ25 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ርቀት ይኑር፤ የአየር ከረጢቱ በሚነፋበት ጊዜ በጣም የቀረበውን ሰው ይጎዳዋልና።

3ኛ. ከፍታ የሚለወጥበት ካለው፣ መንገዱና የዳሽቦርዱ ምልክቶች ሁሉ እስኪታዩ ማንሣት ወይም ማውረድ።

4ኛ. የራስ መደገፊያውን አናቱ ከጆሮ በላይ እስኪደርስ ከፍ ማድረግ። ይህ ትራስ አይደለም፤ ከኋላ የተገጨ መኪና ውስጥ ያለ ሰው አንገቱ ወደ ኋላ እንዳይሰበር የሚከላከል ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በአዲስ አውቶሞቢሎች ላይ ግዴታ የሆነው ስለዚህ ነው።

5ኛ. መቀመጫውን ወዝወዝ አድርጎ መቀርቀሩን ማረጋገጥ፤ ከዚያም መስታወቶቹን ማስተካከልና ቀበቶ ማሰር። በደንብ ያልተቀረቀረ መቀመጫ ፍሬን ሲያዝ በድንገት ሊንሸራተት ይችላል።

መኪናው እየሄደ መቀመጫ ማስተካከል ክልክል ነው። በረጅም ጉዞ፣ ለውጭ ገበያ የሚላክ ዕቃ ጭኖ ወደ ጅቡቲ በሚወርድ መኪና ውስጥም ቢሆን፣ ረዳቱ መደገፊያውን እስከ ኋላ ዘርግቶ መተኛቱ አደገኛ ነው፤ መኪናው በድንገት ቢቆም ሰውነቱ በቀበቶው ሥር ሾልኮ ይወጣል። ሁለት ሾፌሮች የሚፈራረቁበት መኪና ከሆነም፣ ተረኛው መቀመጫውን ለራሱ ቁመት ሳያስተካክል መንቀሳቀስ የለበትም። በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሰው መቀመጫ ሥራው ያው ነው፤ ባይንቀሳቀስ ፊውዙን፣ ከሐዲዱም ሥር የገባ ሳንቲም ወይም ጠርሙስ መኖሩን መመልከት ነው።

ለአስመጪውና ለባለሱቁ

መኪና የሚያስመጣ ወይም የሚሸጥ ነጋዴ በሚያስረክብበት ጊዜ ቁልፎቹን ቆጥሮ ማስረከብ ይገባዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ዕቃውን ከተጓዳኝ ነገሮቹ ጋር እንዲያስረክብ ያዛል፤ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለውም በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ተደንግጓል። ሁለተኛ ቁልፍ የሌለው መኪና ሲሸጥ ይህ ለገዢው በግልጽ ተነግሮ በውሉ ላይ ቢጻፍ ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል። ጽሑፋቸው በጃፓንኛ ወይም በቻይንኛ የሆነ መኪኖችም ስለሚገቡ፣ የቁልፉን፣ የመብራቱንና የመቀመጫውን አሠራር በአማርኛ በአንድ ገጽ አስጽፎ ከመኪናው ጋር መስጠት ወጪው ጥቂት፣ የሚያተርፈው መታመን ግን ብዙ ነው።

ባለሱቁም በዚህ ውስጥ የራሱ ገበያ አለው። ባለ 3 ቮልት የቁልፍ ባትሪ በየቁጥሩ፣ ባለ 12ና ባለ 24 ቮልት የውስጥ አምፖል፣ ፊውዝ በየአምፔሩ፣ የማስነሻ ኬብል፣ ሁሉም ቦታ የማይወስዱ፣ ተሎ የማይበላሹ፣ በመንገድ ላይ የቆመ ሰው ግን አጥብቆ የሚፈልጋቸው ዕቃዎች ናቸው። የመቀመጫ ሽፋን የሚሸጥ ሰው ግን አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ በመቀመጫው ጎን የአየር ከረጢት ምልክት የተሰፋበት መኪና እንደሆነ፣ ጎኑን የሚሸፍን ሽፋን ከረጢቱ እንዳይወጣ ስለሚያግድ ጎኑ ክፍት የሆነውን ይስጥ። ማስተካከያ ብረቶቹን የሚሸፍነውም አይጠቅምም።

እንግዲህ ከላይ ከተዘረዘሩት መካከል ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም የለም። የንግድ ሰዎች በዚህ ሳምንት ሁለተኛ ቁልፋቸውን እንዲያረጋግጡ፣ የሾፌሮቻቸውን አቀማመጥ ቀርበው እንዲመለከቱ፣ ማታም መኪናቸውን ሲቆልፉ መብራቱ መጥፋቱን እንዲያዩ እናሳስባለን።